67 ሞላ ማለት ካናዳ ተጠራሁ ማለት አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«29 ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ሆስፒታል ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። አጎቴ ቶሮንቶ ይኖራል። አንድ ኤጀንት ነጥቤን ቆጥሮ ‹67 ሞልቶልሻል፣ ብቁ ነሽ› አለኝ። 150 ሺህ ብር ቅድሚያ ከከፈልኩ ከካናዳ የቅጥር ደብዳቤ እንደሚያመጣልኝ፣ ደብዳቤውም 50 ነጥብ እንደሚጨምርልኝ ነገረኝ። የእንግሊዝኛ ፈተናው በኋላ ይደርሳል ብሎኛል። እውነት ብቁ ነኝ? ልክፈል?»

አትክፈዪ። ብሩ ለሌላ ነገር ያስፈልግሻል፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ኤጀንቱ 67ን ከሜዳ አላነሣውም። ቁጥሩ አለ። ግን ካናዳ ሁለት የተለያዩ የነጥብ አቆጣጠሮች አሏት፤ እሱ የነገረሽ አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከ100 ይታሰባል፤ ማለፊያው 67 ነው። ይኼ የሚሰጥሽ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው መዝገብ ውስጥ ስምሽን የማስገባት መብት ነው። ሁለተኛው ከ1,200 ይታሰባል። መዝገቡ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ከላይ እስከ ታች የሚያሰልፈው እሱ ነው። መንግሥት በየጊዜው ዙር እያወጣ ከላይ ያሉትን ይጠራል፤ መቁረጫ ነጥቡም ከዙር ዙር ይለያያል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ ሕክምና መመደብ ሌላ ነገር ነው። ለአንቺ የተነገረሽ ስለ ማለፉ ነው። ዲቪም አይደለም፤ ዕጣ የሚባል ነገር የለውም።

67ቱ ራሱ እንዴት እንደሞላ እንየው። ለዲግሪሽ 21። ለአምስት ዓመት የሥራ ልምድ 13። ለዕድሜ ደግሞ እስከ 35 ዓመት ያለ ሰው ሙሉውን 12 ያገኛል። ድምሩ 46። ኤጀንቱ በዚህ ላይ ለእንግሊዝኛ 16 ጨመረ፤ 62 ሆነ። አጎትሽን 5 አድርጎ ቆጠረና 67 ላይ ቁጭ አደረገው። አንድም ትርፍ ነጥብ የለም። 16ቱ ደግሞ ገና ያልተፈተንሽው ፈተና ውጤት ነው።

«ፈተናው በኋላ ይደርሳል» ያለሽም አይሆንም። የፈተናው ውጤት ሳይገባ ፕሮፋይሉ፣ ማለትም መዝገቡ ውስጥ የምትሞዪው ቅጽ፣ አይሞላም። የትምህርት ማስረጃ ግምገማውም እንደዚያው። ሁለቱ ከፊት ናቸው፤ የቀረው ሁሉ ከኋላ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስ የሚባለው ከሆነ የምትፈተኝው ጄኔራል ትሬኒንግ የሚባለውን ነው። አካዳሚክ የሚባለው ለዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለኤክስፕረስ ኢንትሪ አይቀበሉትም። አካዳሚኩን ተፈትነው ጥሩ ውጤት ይዘው የመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ገንዘባቸውም ጊዜያቸውም ሄደ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ በጣም ቀድሞ መፈተንም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ካናዳ የእንግሊዝኛ ውጤትን ሲኤልቢ በሚባል የራሷ ደረጃ ትለውጠዋለች። በአይኤልትስ በአራቱም ክፍል 6 ያመጣ ሰው ደረጃ 7 ላይ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ በዚህ መንገድ መግቢያ የለውም። አንቺ ልክ ደረጃ 7 ብታመጪ ከ1,200ው የሚኖርሽ ነጥብ ይኼ ነው፦ ለዕድሜ 110፣ ለዲግሪ 120፣ ለቋንቋ 68፣ ዲግሪና ልምድ ከቋንቋ ጋር ተጣምረው ለሚሰጡት ደግሞ 38። ተደምሮ 336። በ336 መዝገቡ ውስጥ ዓመት ሙሉ ብትቀመጪ የሚጠራሽ የለም። ፕሮፋይሉ የሚቆየው 12 ወር ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና መክፈት ነው።

ደረጃ 9 ብታመጪስ? ማዳመጥ 8፣ ማንበብ 7፣ መጻፍ 7፣ መናገር 7 ማለት ነው። ያኔ ለቋንቋ 124፣ ለጥምሩ 75 ይሆናል። ጠቅላላው 429። በዲግሪሽ ላይ ምንም አልተጨመረም፤ በልምድሽም ላይ አልተጨመረም። በአንድ ፈተና ብቻ 93 ነጥብ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ማዳመጡ ላይ ነው። ማዳመጥ 8 ለማምጣት ከ40 ጥያቄ 35 ያህሉን መመለስ አለብሽ። ሌላው ሁሉ ሞልቶልሽ ማዳመጡ ላይ 7.5 ብታመጪ ያ ክፍል ደረጃ 8 ይሆናል። ግማሽ ነጥብ ብቻ ያጣሽ ይመስልሻል። ግን ጥምር ነጥቡ ሙሉ የሚሆነው አራቱም ክፍሎች ደረጃ 9 ሲደርሱ ነው። አንዱ ከጎደለ 75ቱ ወደ 38 ይወርዳል። ከራሱ ከማዳመጡ ደግሞ 8 ይቀነሳል። በአንዲት ግማሽ ነጥብ 45 ነጥብ ሄደ፤ 429 የነበረው 384 ሆነ። ነርሶች ላይ ይኼን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ፣ መመሪያውን በእንግሊዝኛ ታነቢያለሽ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የምትሰሚው ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ዝግጅትሽ ሰዋስው ላይ ሳይሆን ጆሮሽ ላይ ይሁን። በየቀኑ አንድ ሰዓት የእንግሊዞችን፣ የአውስትራሊያዎችን፣ የካናዳዎችን ንግግር ስሚ፤ ያለ ጽሑፍ።

429 ይበቃል ወይ? በቀጥታ ልንገርሽ፤ ለብቻው አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ካናዳ በሙያ የተለየ ዙር ታወጣለች፤ አንዱ የጤና ባለሙያዎች ዙር ነው፤ ነርስም እዚያ ውስጥ አለ። ለአንቺ ትልቁ በር ይኼ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 2025 የወጣው የጤና ዙር መቁረጫው 475 ነበር፤ ነሐሴ 19 የወጣው 470። አርባ ምናምን ነጥብ ይጎድልሻል። ይኼ የሚሞላባቸው መንገዶች አሉ፤ እኩል ግን አይደሉም።

አንዱ ማስተርስ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አጠገብሽ ነውና ሰው ሁሉ የሚመክርሽ ይኼን ይመስለኛል። ማስተርስ ለትምህርት 15፣ ለጥምሩ 25 ይጨምራል፤ 40 ማለት ነው። ሁለት ዓመት ከወሰደብሽ ግን 31 ዓመት ሆነሻል፤ ለዕድሜ 110 የነበረው 99 ይሆናል። እንግሊዝኛሽ ደረጃ 9 ሆኖ ድምሩ 458 ነው። ቀረበ፤ አልደረሰም።

ሁለተኛው ፈረንሳይኛ ነው። አትሳቂ። በአራቱም ክፍል የፈረንሳይኛ ደረጃ 7 ያለው ሰው፣ እንግሊዝኛው ካለ፣ 50 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል፤ ለሁለተኛ ቋንቋ የሚሰጠው 12 ደግሞ በላዩ አለ። 62 ነው። እሱም ሁለት ዓመት ፈጀብሽ እንበል፤ በ31 ዓመትሽ 480 ይኖርሻል። ሌላም አለው። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ለብቻው ዙር ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 2025 የወጣው እስከ 379 ወርዶ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ አይወርድም፤ ግን ሁለት በር ያለው ሰው አንድ በር ካለው ይሻላል። ከዜሮ ተነሥቶ እዚያ መድረስ ቀልድ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን በመማር አይሆንም። አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ አለ። 130 ኪሎ ሜትር መመላለስ፣ ያውም በዛሬ መንገድ፣ የማይታሰብ ከሆነ በኢንተርኔት የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ማስተርሱን ትቼ ፈረንሳይኛውን እይዛለሁ።

ሦስተኛው የክፍለ ሀገር እጩነት ነው። አንድ የካናዳ ክፍለ ሀገር ከመረጠሽ 600 ነጥብ ይጨመርልሻል፤ ያ ያበቃለታል ማለት ነው። አብዛኞቹ ግን እዚያው የሚሠራ ወይም ቀጣሪ ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት። ፕሮፋይልሽ ላይ ፈቃደኛ መሆንሽን ምልክት አድርጊ፤ እሱን ብለሽ ግን ቁጭ አትበዪ።

የቅጥር ደብዳቤው ጉዳይ አጭር ነው። 50 ነጥብ ይሰጥ የነበረው አሠራር እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 2025 ተነሥቷል። ያነሡትም ደብዳቤው ሸቀጥ ሆኖ ስለተቸገሩ ነው። ኤጀንቱ ይኼን ካላወቀ ሥራውን አያውቅም፤ አውቆ ከሆነ ደግሞ ይባስ። ሐሰተኛ ሰነድ በፋይልሽ ውስጥ ከተገኘ የሚጠየቀው እሱ አይደለም። ያመለከትሽው አንቺ ነሽ፤ አምስት ዓመት ካናዳ እንዳትገቢ ትታገጃለሽ። ገንዘብ ተቀብሎ ሊያማክርሽ የሚችለው የካናዳ ጠበቃ ወይም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው፤ ኩቤክ ውስጥ ደግሞ ኖተሪ። የኮሌጁ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። የኤጀንቱን ሙሉ ስም ጠይቂውና ፈልጊው። ስሙን ሲያድበሰብስ መልሱን አግኝተሻል። ፕሮፋይል መክፈት ራሱ በነፃ ነው።

አጎትሽን በተመለከተ ደግሞ፣ አጎት ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? እኛ ዘንድ የአባት የአክስት ልጅም አጎት ነው፤ የጎረቤት አባትም አጎት ይሆናል። ለካናዳ ግን አጎት ማለት የእናትሽ ወይም የአባትሽ ወንድም ነው፤ ያውም ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ ያለው። የአጎት ልጅ አይቆጠርም። ትክክለኛ አጎት ከሆነም 5 ነጥቡ ያለው በ67ቱ ውስጥ ብቻ ነው። ከ1,200ው ውስጥ ለአጎት ምንም የለም፤ ለእህትና ለወንድም ነው 15 ያለው። ማስረጃውም ቀላል አይሆንም። አባትሽና አጎትሽ የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን በወረቀት ማሳየት አለብሽ። ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ መንዝ ላይ ከ50 ዓመት በፊት የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀቱ ከየት ይመጣል? ዛሬ ሄዶ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ የስም ፊደሉም ቶሮንቶ ካለው ሰነድ ጋር መግጠም አለበት። ደስ የሚለው ነገር፣ እንግሊዝኛሽ ደረጃ 9 ከሆነ ለቋንቋ 16 የነበረው 24 ይሆናል፤ ያለ አጎትሽም 70 አለሽ። አጎቱን ለጥየቃ ተዪው።

ወረቀት ካነሣን ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። የግምገማ ድርጅቱ፣ ለምሳሌ ዌስ፣ ትራንስክሪፕትሽን የሚፈልገው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ነው። በእጅሽ ያለው ቴምፖ አይሠራም። ሬጅስትራር ደግሞ ኦፊሻሉን ከመላኩ በፊት የወጪ መጋራትሽን መክፈልሽን የሚያሳይ ክሊራንስ ይጠይቅሻል። ብሩን እጅሽ ላይ አቆዪው ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው ሌላው ነው። የእኛ አገር ደብዳቤ ምን እንደሚል ታውቂዋለሽ፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ ደመወዝ፣ የተሰጣትን ኃላፊነት በታማኝነትና በቅንነት ስትወጣ የቆየች። ታማኝነትሽና ቅንነትሽ ለካናዳ መኮንን ምንም አይነግሩትም። እሱ የሚፈልገው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሪና በየቀኑ ምን እንደምትሠሪ ነው። በሽተኛ መመዘንሽ፣ መድኃኒት መስጠትሽ፣ ቁስል ማከምሽ፣ ሌሎች ነርሶችን መምራትሽ በዝርዝር ይጻፍ። የሥራ መደብሽ ስም ሳይሆን የምትሠሪው ሥራ ነው የሚመዘነው። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ፤ ካልሆነ በ2013 የተቀጠረች ነርስ በ2013 ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች ተብሎ ፋይሉ ይጋጫል። የሰው ኃይል ክፍሉ «ፎርማታችን ይኼ ነው» ካለሽ የቅርብ አለቃሽ በማኅተም ተጨማሪ ደብዳቤ ይጻፉልሽ።

ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 በወጣው ሠንጠረዥ ለአንድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር ማሳየት ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ ይከለሳል። ይኼ ለማንም የሚከፈል አይደለም፤ ሄደሽ እስክትቋቋሚ የምትኖሪበት የራስሽ ገንዘብ ነው። ባንኩ የስድስት ወር አማካይ ቀሪ ሂሳብሽን መጻፍ ስላለበት ለሳምንት ተበድሮ አስገብቶ ማውጣት ይታወቃል። «ሂሳብ እናሳይልሻለን» የሚሉሽን ሽሺ። ቤተሰብ በስጦታ ከሰጠሽ ይቻላል፤ የማይመለስ ስጦታ መሆኑ በጽሑፍ ይኑር። ከዚህ ሌላ ስትጠሪ የማመልከቻና የቋሚ መኖሪያ ክፍያ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 30 ቀን 2024 ጀምሮ ተመኑ 1,525 የካናዳ ዶላር ነበር፤ በየሁለት ዓመቱ ይከለሳል። ከተጠራሽ በኋላ ያለሽ 60 ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱን ያኔ መፈለግ የጀመረ ሰው አይደርስም።

ማንም የማይነግርሽን ልጨምር። ይኼ ሁሉ ተሳክቶ ቋሚ መኖሪያ (ፒአር) ብታገኚ ነርስ ሆነሽ አትሠሪም፤ ወዲያው አይደለም። የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው የየክፍለ ሀገሩ ተቆጣጣሪ ነው፤ የራሱ የሰነድ ምርመራና ፈተና አለው። እስከዚያው ብዙዎቹ የኛ ልጆች አረጋውያንን በመርዳት ሥራ ይቆያሉ። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል። ይኼን አውቀሽ ግቢበት።

እንግሊዝና አውስትራሊያም ይሻላሉ የሚሉሽ ይኖራሉ። እንግሊዝ 70 ነጥብ ትላለች፤ ግን ነጥቡ የሚሞላው ፈቃድ ያለው ቀጣሪ ሲኖርሽ ነው፤ ያለ ቀጣሪ አይሞላም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት አለባቸው ካላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች የእንግሊዝ ቀጣሪዎች እዚህ መጥተው ነርስ እንዲመለምሉ አይፈቀድም። በራስሽ በቀጥታ ብታመለክቺ ክልክል አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ «ለእንግሊዝ ነርስ እንመለምላለን» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ እለፊው። አውስትራሊያ ማለፊያዋ 65 ነው። ለአንቺ ዕድሜ 30 ነጥብ፣ ለዲግሪ 15፣ ለአምስት ዓመት ልምድ 10፣ አይኤልትስ በሁሉም 7 ከሆነ 10፤ ልክ 65። እዚያም ማለፊያው ብቻውን አያስጠራም፤ የነርስነት ሙያሽም መጀመሪያ መገምገም አለበት። መጀመሪያ አንዱን ጨርሺ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልንገርሽ። በዚህ ወር የወጪ መጋራትሽን አጣሪና ትራንስክሪፕቱ እንዲላክ አድርጊ፤ ረጅሙ እሱ ነው። ጎን ለጎን ማዳመጡን ተለማመጂ። በልምምድ ፈተና ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 8 ሳይመጣልሽ ለአይኤልትስ አትመዝገቢ። ደረጃ 9 ከመጣ በ429 መዝገቡ ውስጥ ግቢና በዚያው ሳምንት ፈረንሳይኛ ጀምሪ። ካልመጣ ደግሞ እንደገና ተፈተኚ እንጂ ወደ ደላላ አትሂጂ። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽንና ዲግሪሽን ጎን ለጎን አስቀምጪ። የአያትሽ ስም በአንዱ ላይ በአንድ ፊደል፣ በሌላው ላይ በሌላ ፊደል ከተጻፈ መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ።